መላግ ወይስ መለወጥ?

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ወንዝ የሚወርደውን መንገድ የሚያውቅ የከባድ መኪና ሹፌር ቁልቁለቱን ከመጀመሩ በፊት ማርሹን ዝቅ ያደርጋል፤ የፍሬኑንም አየር ይመለከታል። ከደጋው ጫፍ እስከ ድልድዩ ያለው ዝቅታ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። 30 ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ ክብደቱ የሚለቀው ጉልበት፣ ሁሉም ወደ ሙቀት ቢለወጥ፣ ከ800 ሊትር የሚበልጥ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ከዚህ ጉልበት ከፊሉን ሞተሩ በዝቅተኛ ማርሽ ይይዘዋል፤ ከፊሉንም ነፋስና ጎማ ይበሉታል። የቀረው በፍሬን ሸራና በዲስክ መካከል ወደ ሙቀት ይለወጣል። ዲስኩ ይህን ሙቀት በሰውነቱ ተሸክሞ ቀስ በቀስ ለነፋስ ያስረክባል። እንግዲህ የዲስክ ውፍረት ጌጡ አይደለም፤ ሥራው ነው።

ይህ ዲስክ ሲቦረቦርና ፍሬኑ ሲረገጥ መኪናውን ማንቀጥቀጥ ሲጀምር በጋራዡ ደጃፍ አንድ ጥያቄ ይነሣል። በቶርኖ ተልጎ ይመለስ ወይስ ተጥሎ በአዲስ ይለወጥ? ጥያቄው ሲታይ የመካኒክና የሒሳብ ይመስላል። በመሠረቱ ግን የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም መልሱ የሚነካው መልሱን የሚሰጠውን ሰው ብቻ አይደለም።

አስቀድሞ ለመላግ የሚቆመውን ወገን በቅንነት መስማት ይገባል። የአገሩ ገበሬ ማረሻው ሲዶለዱም ወደ ቀጥቃጭ ወስዶ ያሠራዋል እንጂ አይጥለውም። ያለቀ የመኪና ጎማ በእጅ ባለሙያ ተቆርጦ ጫማ ይሆናል። ጠግኖ መጠቀም የድህነት ምልክት ብቻ አይደለም፤ የሰው ልጅ ድካም ላፈራው ዕቃ የሚሰጥ ክብርም ነው። አዲስ ዲስክ በውጭ ምንዛሪ ከባሕር ማዶ የሚመጣ መለዋወጫ ነው። ገና ሊሠራ የሚችለውን ዲስክ «አልቋል» ብሎ የሚያስጥል መካኒክ ከአንድ ሰው ኪስ ብቻ ሳይሆን ከአገርም ሀብት ያባክናል። ስለዚህ መላግ በራሱ ነውር የለበትም። ነውሩ የሚጀምረው ልኩ ሲታለፍ ነው።

ልኩስ የት ነው? በብዙ ከባድ መኪናዎች ላይ የሚገጠም ዲስክ አዲስ ሲሆን ውፍረቱ 45 ሚሊሜትር ነው። 37 ሚሊሜትር ሲደርስ መጣል አለበት። ይሁንና አንዳንድ ሠሪዎች በሁለቱ መካከል ሌላ ወሰን ያበጃሉ፤ ከ39 ሚሊሜትር ያነሰ ዲስክ ወደ ቶርኖ አይግባ ይላሉ። ታምቡር ባላቸው መኪናዎችም ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል፤ በዚያ የሚወሰነው የመጨረሻው ስፋት ነው፤ መርሁ ግን አንድ ነው። ከመጣያው ወሰን በላይ የተተወችው ሁለት ሚሊሜትር የነገ ድርሻ ናት። ከቶርኖ የወጣ ዲስክ በማግሥቱ ሥራ ይጀምራል፤ ሥራውም እየተበላ ማገልገል ነውና የሚበላለት ሥጋ ሊኖረው ይገባል።

አሁን አንድ ባለመኪና ይታሰብ። የፊት ዲስኩን አስፈትቶ ወደ ቶርኖ ቤት ይወስደዋል። ባለሙያው በካሊፐር ቢለካው 38 ከግማሽ ሆኖ ያገኘዋል። ጭረቱን ለማጥፋት ከሁለቱም ፊት ግማሽ ግማሽ ሚሊሜትር መላግ ያስፈልጋል።

«37 ከግማሽ ይቀራታል ማለት ነው» ይላል ባለመኪናው፤ «ልኩን አላለፈችም፤ ላጋት።»

«ጋሼ፣ ላስተካክላት እችላለሁ» ይላል ባለሙያው፤ «ላወፍራት ግን አልችልም።»

በዚህ መልስ ውስጥ የነገሩ ፍሬ አለ። ቶርኖ ጉድለትን የሚያጠፋው ጉድለቱ ያለበትን ሰውነት በማጥፋት ነው። የተላገ ዲስክ እንደ መስተዋት ያበራል፤ ዓይንም ያንን አይቶ «አዲስ ሆነ» ይላል። ቅርጹ ታድሷል፤ ይዘቱ ግን ቀንሷል። 37 ከግማሽ የደረሰው ዲስክ ከተፈጥሮ ውፍረቱ አንድ ስድስተኛውን አጥቷል። የቁልቁለቱ ሙቀት ግን አልቀነሰም፤ ያው ሙቀት ባነሰ ብረት ላይ ስለሚያርፍ ዲስኩ ከፊቱ ይበልጥ ይግላል። ገጹ ላይ የሚታዩ የፀጉር ያህል ቀጫጭን ስንጥቆች ሁልጊዜ አያስጥሉም፤ ስንጥቁ ጠርዝ ከደረሰ ግን ምሕረት የለውም። ከልክ በላይ ግሎ የሰማያዊ ነጠብጣብ ያበጀ ብረትም በዚያ ቦታ ተፈጥሮው ስለሚለወጥና ስለሚጠጥር፣ ገጹ ቢላግ እንኳ ጠጣሩ ከሥር ሊቀር ይችላል። የመጠን ለውጥ ተጠራቅሞ የዓይነት ለውጥ ይሆናል የሚለው የፈላስፎች ቃል በጋራዥ ውስጥ እንዲህ ይነበባል፤ እየሳሳ የሄደ ዲስክ አንድ ቀን የሳሳ ዲስክ መሆኑ ቀርቶ የተሰበረ ዲስክ ይሆናል።

ባለመኪናው የሚያቀርበው መከራከሪያ ግን በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። መኪናው አንድ ቀን በቆመ ቁጥር የእርሱም፣ የሹፌሩም፣ የረዳቱም ቤት ይጎዳል። በአንድ አክስል ላይ ያሉ ዲስኮች ጥንድ ሆነው መለወጥ ስላለባቸው ወጪው እጥፍ ነው። ሹፌሩ ጠንቃቃ ነው። ከሁሉም በላይ «እስከ ዛሬ ስንት ጊዜ ወረድን፤ ምን ሆንን?» ይላል። ይህ የመጨረሻው ቃል ብርቱ ይመስላል፤ ነገር ግን ከሁሉም ደካማው እርሱ ነው። እስከ ዛሬ በሰላም የወረደው ዛሬ ካለው ዲስክ በወፈረ ዲስክ ነው። የትናንቱ ሰላም ስለ ትናንቱ ብረት ይመሰክራል እንጂ ነገ ስለሚወርደው ምንም አያውቅም።

ዋናው ጥያቄ ግን ከዚህም ይጠልቃል። ቁጠባው የማን ነው? አደጋውስ የማን ነው? የሚተርፈው ገንዘብ ወደ አንድ ሰው ኪስ ይገባል። ቁልቁለቱን የሚወርዱት ግን ሹፌሩና ረዳቱ ናቸው፤ ከፊታቸው የሚሄደው አውቶቡስ መንገደኞች አሉ፤ በመታጠፊያው ላይ ከብቶቹን የሚያሻግር እረኛ አለ። ከእነዚህ አንዱም ስለ 37 ከግማሽ ሚሊሜትር አልተጠየቀም። ሰው የራሱን ቀበቶ አጥብቆ ቢያድር ቆጣቢ ይባላል። በሌላው ሕይወት ላይ የሚቆጥብ ግን ቆጣቢ አይደለም፤ ያልተጠየቁ ሰዎችን ዋስ አድርጎ ብድር የሚወስድ ነው። ዕዳው የተከፈለ ዕለት የሚከፍሉት ዋሶቹ ናቸው።

የጥንት ሕግ አውጪዎች ይህን ያውቁት ነበር። በሐሙራቢ ሕግም ሆነ በኦሪት ዘጸአት አንድ በሬ ሰውን ወግቶ ቢገድል የባለቤቱ ፍርድ በአንድ ነገር ላይ ይመሠረታል። በሬው ድንገት የወጋ ከሆነ ባለቤቱ ነጻ ነው፤ የመውጋት ልማድ እንዳለው ቀድሞ ተነግሮት ሳያስረው ቀርቶ ከሆነ ግን ተጠያቂ ነው። በዲስኩ ላይ የተቀረጸው ቁጥር፣ የካሊፐሩ ንባብና የቶርኖ ባለሙያው ቃል እንዲህ ያሉ ማስጠንቀቂያዎች ናቸው። ከዚህ በኋላ የሚደርሰው ነገር «ድንገተኛ አደጋ» የሚለውን ስም ሊሸከም አይችልም።

ታዲያ እምቢ ማለት ያለበት ማን ነው? ሹፌሩ ይበል እንዳይባል እንጀራው በባለመኪናው እጅ ነው፤ ከእርሱ ድፍረት መጠበቅ ቀላል፣ ድፍረቱን መክፈል ግን ከባድ ነው። የቶርኖ ባለሙያው እምቢ ሊል ይችላል፤ ቢልም ሙያውን አስከበረ እንጂ ሥራ አላጣም ሊባል ይገባል። ዳሩ ግን እርሱ ያልላገውን ሌላው ሊልገው ይችላል። ስለዚህ ኃላፊነቱ ዞሮ ዞሮ ለመወሰን ሥልጣን ባለው ሰው ትከሻ ላይ ያርፋል። ሥልጣንና አደጋ በተለያዩ ሰዎች ላይ ሲወድቁ ልኬቱ ይበልጥ ጥብቅ መሆን አለበት እንጂ ሊላላ አይገባውም።

«ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» ይላል ተረቱ። ለባለመኪናው የሚቀርበው የመጨረሻ ፈተና ይኸው ተረት ተገልብጦ ነው፤ ለሌላው ሲቆርጥ ለራሱ በሚቆርጥበት ልክ ይቁረጥ። የገዛ ልጁን ጋቢና ውስጥ አስቀምጦ በዚያ ዲስክ ወደ ዓባይ ሊወርድ የሚደፍር ከሆነ ይላግ። ልቡ ካመነታ ግን መልሱን አግኝቷል፤ የሹፌሩም እናት አንድ ልጅ አላት።