የወዳጅ ስም

ሜኮንግና ቶንሌ ሳፕ በሚገናኙበት ዳርቻ የተቆረቆረችው ፕኖም ፔን፣ ከወዳጆቹ ጋር በቡድን ለሚጓዝ እንግዳ የተመቸች ከተማ ናት። አራት ጓደኛሞች በአንዲት ባጃጅ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ፤ ሲመሽ ጀልባ ተከራይተው በወንዙ ላይ ይንሸራሸራሉ፤ ሩዙንና ዓሣውን ከበው ሲበሉ ጨዋታቸው ይደምቃል። በማግሥቱ ባለባጃጁ ከቤተ መንግሥቱና ከገበያው አስከትሎ አንድ ሌላ ቦታ ይጠራላቸዋል፤ ቱዎል ስሌንግ። ሳቃቸውን እንደያዙ ይሄዳሉ።

ቱዎል ስሌንግ ቀድሞ ትምህርት ቤት ነበር። የክመር ሩዥ ጦር በ1975 (ከአንዱ ቦታ በቀር ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ከተማይቱን ይዞ ነዋሪዋን በሙሉ ወደ ገጠር ካባረረ በኋላ፣ ግቢው ኤስ-21 የተባለ የምስጢር እስር ቤት ሆነ። የመማሪያ ክፍሎቹ በጡብና በእንጨት ተከፋፍለው አንድ አንድ ሰው ብቻ የሚይዙ ጠባብ ማጎሪያዎች ሆኑ። በሰገነቱ ላይ የሾህ ሽቦ ተዘረጋ፤ እስረኛው ራሱን ወርውሮ በገዛ ሞቱ እንዳያመልጥ። አዛዡ ዱች የሒሳብ መምህር የነበረ ሰው ነው። በ2010 የተሰጠበት ፍርድ በዚያ የጠፉትን ሰዎች ቁጥር ቢያንስ 12,272 አድርሶታል፤ የተረፉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ለመሆኑ ለሽርሽር የወጣ የጓደኞች ቡድን እንዲህ ወዳለ ቦታ መግባቱ ተገቢ ነውን? አይገባም ባዮች ብዙ ናቸው፤ መከራን የሚያከብረው ብቻውን አንገቱን ደፍቶ የሚገባ ሰው ነው ይላሉ። በሙዚየሙም ውስጥ የሚስቅ ፊት ተሥሎ የተሰረዘበት ምልክት ተሰቅሏል። አስፈላጊነቱ አያጠራጥርም። ነገር ግን በሳቅ ከዚህ የከፋ በደል ሊፈጸም እንደሚችል በ2021 ታይቷል። አንድ የውጭ አገር ባለሙያ የእስረኞቹን ፎቶግራፎች ቀለም ሲቀባ፣ በአንዳንዶቹ ፊት ላይ ፈገግታ ጨመረባቸው። የካምቦዲያ መንግሥት ተቆጣ፤ ያወጣውም መጽሔት ሥራውን አነሣ። ደረታቸው ላይ ቁጥር ተለጥፎ በገዳያቸው ካሜራ ፊት የቆሙ ሰዎች፣ ከ40 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ ተመልካቹን እንዳይከብዱት ፈገግ እንዲሉ ተደረጉ! በግቢው በር ላይ የሚስቅ ወጣት ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ምንም አላጠፋም።

ደግሞም የቡድኑ ፈተና ያለው ሳቁ ላይ አይደለም። የኤስ-21 ሥራ መግደል ብቻ አልነበረም፤ ማስጻፍም ነበር። እስረኛው በግርፋት፣ በኤሌክትሪክ፣ በውሃ እየተሠቃየ የሕይወት ታሪኩን ይጽፋል፤ ያልፈጸመውን ክህደት ያምናል፤ ከዚያም ተባባሪዎቼ ናቸው የሚላቸውን በስም ይዘረዝራል። የማን ስም ይጽፋል? የማያውቀውንማ ከየት ያመጣዋል! አብሮት የተማረውን፣ አብሮት የዘመተውን፣ በሠርጉ የተገኘለትን ይጽፋል። የቀድሞው መምህርም በኅዳጉ ላይ የተማሪ ደብተር እንደሚያርም ሰው ትእዛዙን ያሰፍርበታል። የተጻፉት ሰዎች በተራቸው ይያዛሉ፤ እነርሱም ይጽፋሉ። ከእስረኞቹ እጅግ ብዙዎቹ የሥርዓቱ የራሱ ካድሬዎችና ወታደሮች ነበሩ። ወዳጅነት በዚያ ግቢ የምርመራ መሣሪያ ሆነ ማለት ነው።

ጓደኛሞቹ ከዚያ ክፍል ሲወጡ ዝም የሚሉት በፎቶግራፎቹ ብዛት ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ አጠገቡ ያለውን ሰረቅ አድርጎ ያያል። የእኔን ስም ከእነዚህ ማን ይጽፍ ነበር? እኔስ የማንን? ብቻውን የመጣ ጎብኚ ይህ ጥያቄ ላይነሣበት ይችላል፤ ለሟቹ አዝኖ፣ ገዳዩን ረግሞ ይወጣል። ጀግና ቢሆን ኖሮ ዝም ባለ ነበር የሚለው ፍርድ ቀላል ነው፤ ከምሳ በኋላ የሚሰጥ ፍርድ ነው። ሥቃይ ከአጥንት የሚያወጣው ቃል የተናጋሪው ነው ሊባል አይቻልም። የተጠራው ሰው ግን ሞቷል። ጓደኛው ተገዶ ነው ብሎ ለልጁ መንገር እውነት ቢሆንም ማጽናኛ አይሆንም። አንዱ እውነት ሌላውን አይሽረውም፤ ወዳጆቹም ሁለቱን ይዘው መቀመጥ አለባቸው።

አማርኛ ተናጋሪ ለዚህ ነገር ባዳ አይደለም። «ማጋለጥ» የሚለው ቃል በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቀበሌዎች ምን ማለት እንደነበረ፣ ከስብሰባ መካከል ተነሥቶ ጓደኛውን እንዲያጋልጥ የታዘዘ ያውቀዋል። አጋላጩና የተጋላጩ ቤተሰብ ከዚያ በኋላ በአንድ ሰፈር፣ ምናልባትም በአንድ ዕድር የኖሩበት ጊዜ አለ። ቴአትራችን ይህን ገና አልጠገበውም።

ሠዓሊው ቫን ናት ከኤስ-21 የተረፈው የፖል ፖትን ምስል እንዲሥል ስለተፈለገ ነው። አምባገነኑን በማሳመር ነፍሱን አተረፈ ብሎ የሚወቅሰው ቢኖር፣ ከ1979 በኋላ የሣላቸው የእስር ቤቱ ሥዕሎች እዚያው ግቢ ተሰቅለው ይጠብቁታል። ጓደኛሞቹ ከፎቶግራፎቹ ይልቅ በእነዚህ ፊት ረዘም ላለ ጊዜ ይቆማሉ። ፎቶግራፉን ያነሣው የገዳዩ ካሜራ ነው፤ ተመልካቹም ሳይወድ በካሜራው ቦታ ይቆማል። ሥዕሉን የሣለው ግን በአንድ ሰንሰለት አብሯቸው የተጋደመ ሰው ነው።

በ2015 በግቢው በተመረቀው መታሰቢያ የሟቾቹ ስም በድንጋይ ላይ ተቀርጿል። የጠራውም የተጠራውም በአንድ ዝርዝር ናቸው፤ ማን ማንን እንደጻፈ ድንጋዩ አይናገርም። ከጓደኛሞቹ አንዱ ጎንበስ ብሎ መስመሩን በጣቱ እየተከተለ ይሄዳል። ሦስቱ ባጃጁ ዘንድ ቆመው ይጠብቁታል፤ ቶሎ በል የሚለው ግን የለም።