ተኩላው ሲመለስ ዕዳው የማን ነው?

በትርጉም ሥራዬ ካስቸገሩኝ ቃላት አንዱ «ተኩላ» ነው። ከወንጌል የወረስነው ተኩላ የበግ ለምድ የለበሰ አታላይ ስለሆነ፣ ስሙ ሲጠራ ፍርዱ አብሮ ይሰጣል። በባሌ ተራሮች አይጥና ፍልፈል እያደነ የሚኖረውን እንስሳ ግን ሳይንቲስቶች ከተኩላ ወገን ቢመድቡትም፣ እኛ ቀይ ቀበሮ እንለዋለን፤ ስሙ ቢያንስ ከዚያ ስድብ አድኖታል። ሰሞኑን ስለ ጀርመን ተኩላዎች የሚያትት ጽሑፍ ስተረጉም ይኸው ቃል እንደገና አስቆመኝ።

ጀርመኖች ተኩላን ከምድራቸው አጥፍተውት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 አገሪቱ ስትዋሐድ በመላ ግዛቷ የሕግ ጥበቃ አገኘ፤ በ2000 ደግሞ ከፖላንድ የተሻገሩ ተኩላዎች በሳክሶኒ ቡችሎች ወለዱ። ማንም አላመጣቸውም፤ በእግራቸው መጡ። ዛሬ ከ200 በላይ መንጋዎች አሉ። መንጋ ሲባል እንደሚወራው ለአለቅነት የሚፋለም ጭፍራ ሳይሆን፣ አባትና እናት ከልጆቻቸው ጋር የሚኖሩበት ቤተሰብ ነው።

ተኩላ በረት ከገባ ከሚበላው በላይ ይገድላል። ጭካኔ የምንለው ይህን ነው። በዱር ግን አንድ አጋዘን ሲያዝ ሌሎቹ ይሸሻሉ፤ አደኑም በዚያው ያበቃል። አጥር የዘጋበት በግ መሸሻ የለውም፤ ከፊቱ የሚራወጥ እስካለ ድረስ ተኩላው አያቆምም። አጥሩን የሠራነው እኛ ነን።

ከዚህ ተነሥተው «እንግዲያስ ጥፋተኛ የለም» የሚሉ ሞልተዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ተኩላው ኃጢአት ባይኖርበትም ዕዳው አልተሰረዘም። እንዲኖር የፈቀደው ሕግ አውጪው ሕዝብ ነው፤ አብዛኛውም በከተማ በሰላም ይተኛል። በእኩለ ሌሊት ተነሥቶ የኤሌክትሪክ አጥሩን የሚፈትሸው እረኛው ነው። እርግጥ ነው፣ መንግሥት ለአጥርና ለጠባቂ ውሻ ይደጉማል፤ ገዳዩ ተኩላ መሆኑ ከተረጋገጠም ለበጉ ካሳ ይከፍላል። ለታጣው እንቅልፍ ግን ተመን አልወጣለትም።

በ2025 የአውሮፓ ኅብረት የተኩላን ጥበቃ ከ«ጥብቅ» ደረጃ ዝቅ አድርጎ ለአደን በር ከፈተ። ብዙዎች ይህን ለእረኛው እንደ ተከፈለ ካሳ ቆጠሩት። ለእኔ ግን የከተማው ሰው የራሱን ዕዳ በተኩላው ነፍስ የከፈለ ይመስለኛል።

በፈረንሳይ አልፕስ ተኩላን የሚወዱ ፈቃደኞች በበጋ ወራት ወደ ተራራው ይወጣሉ። ከእረኞች ጋር አጥር ይተክላሉ፤ ሌሊትም በጎቹ አጠገብ ድንኳን ጥለው ያድራሉ።