ሜዳው የማን ነው?

የሰው ክብሩ በምን ይታወቃል ተብሎ ሲጠየቅ፥ አንዱ በሥራው፥ ሌላው በዕውቀቱ፥ ሦስተኛውም በጠባዩ ነው ይላል። የአርሲ ደጋ ሕዝብ ግን በዚህ ላይ የሚጨምረው አለው፤ ይኸውም በእግሩ ነው። በጭላሎ ተራራ ግርጌ ካለችው ከአሰላ አካባቢ ኀይሌ ገብረ ሥላሴ ወጣ፤ ከበቆጂም ደራርቱ ቱሉና ቀነኒሳ በቀለ ወጡ። ደራርቱ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ሩጫ ስታሸንፍ፥ ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች መካከል ለኦሊምፒክ ወርቅ የበቃች የመጀመሪያይቱ ሆነች። ዛሬ በደጋው መንገድ ላይ ማለዳ የሚሮጥ ወጣት ሲታይ፥ እረኛውም ባለጋሪውም «በርታ!» ይለዋል።

ነገር ግን ሁለተኛ ሯጭ አለ። እርሱም አእምሮው የታመመ ወጣት ነው። የመጀመሪያው ሲሮጥ መንገድ ይለቀቅለታል፤ ሁለተኛው ሲሮጥ መንገድ ይዘጋበታል። ለዚያኛው ሰዓት ይያዝለታል፤ ለዚህኛው ገመድ ይፈለግለታል። መንገዱ ያው መንገድ፥ ዕድሜውም ያው ዕድሜ ሆኖ ሳለ፥ ስሙ ብቻ ተለወጠ። እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው፤ ሜዳው የማን ነው?

እንደ ስኪዞፍሬኒያና እንደ ባይፖላር ያለው ጽኑ የአእምሮ ሕመም ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በጕርምስና መጨረሻና በወጣትነት መግቢያ፥ ማለት ሰው ኑሮውን ለመመሥረት በሚሰናዳበት ዕድሜ ነው። ሕመሙ ከጓደኛ ይለያል፤ ከቤት ያስቀምጣል። ከሚሰጡት መድኃኒቶችም አንዳንዶቹ ሰውነትን ያወፍራሉ፥ ያደክማሉም። በቡታጅራ አካባቢ 10 ዓመት ያህል የተደረገ ጥናት እንዳስረዳው፥ እነዚህ ሕሙማን ሊኖሩት ከሚገባው ዕድሜ 30 ዓመት ያህል ቀድመው ይሞታሉ፤ ከሞቱትም ብዙዎቹን የወሰዳቸው የሰውነት በሽታ ነው። ስለዚህ አእምሮው ታሟል ብለን ሰውነቱን የረሳን እንደ ሆነ፥ ሁለት ጊዜ በደልነው ማለት ነው።

በልዩ ልዩ አገር የተደረጉ ምርመራዎች እንደሚያመለክቱት፥ ከሕክምናው ጋር የሚደረግ የዘወትር እንቅስቃሴ ልብን ያጠነክራል፤ የደበዘዘውን ስሜት ያነቃቃል፤ ማስተዋልንም ይረዳል። ይሁን እንጂ መድኃኒትን አይተካም። «ሮጠህ ትድናለህ» ብሎ የታማሚውን ክኒን የሚያስጥለው ሰው ወዳጁ አይደለም።

አንዳንድ ሰው፥ «ሜዳው ለሰንደቅ ዓላማችን ክብር ለሚያመጡት እንኳ መች በቃ?» ይል ይሆናል። እኛም መልሰን እንጠይቀዋለን። በየማለዳው ከሚሮጡት ከአርሲ ልጆች መካከል ለሜዳልያ የሚደርሱት በጣት የሚቈጠሩ ናቸው። ታዲያ የቀሩትን ከሜዳው ውጡ ያላቸው ማን ነው? ማንም የለም። እንግዲያስ ሜዳው ለማያሸንፈውም እንደሚገባ ቀድሞውኑ ተስማምተናል፤ የቀረን፥ የተስማማንበትን ለታመመውም ማድረስ ነው። ሌላው ደግሞ፥ «ሰው ቢጎዱስ?» ይላል። እውነቱ ግን ታማሚው ሰውን ከሚጎዳ ይልቅ በሰው መጎዳቱ ይበዛል፤ ጥንቃቄው በሐኪም ምክር ይደረግ፤ ፍርሀታችን ግን ሕግ አይሁን።

ከዚህ የሚከብድ ሦስተኛ ጥያቄ አለ። ለራሱ ጥቅም ነው ብለን ልናስገድደው ይገባናልን? አይገባንም። ግዴታ የሆነ ሩጫ ስሙን የለወጠ ሰንሰለት ነው። ወጣቱ ይጋበዝ፤ እንቢ ቢል ነገ ደግሞ ይጋበዝ።

የሜዳው ታላቁ ጥቅምም ከዚህ ግብዣ ውስጥ ይገኛል። በዕድራችን አንድ አባል ሲቀር፥ «እገሌ ምን ሆነ?» ተብሎ ይጠየቃል። የአእምሮ ሕመም ከሰው ላይ አስቀድሞ የሚወስደው ይህን መጠየቅ ነው፤ ቢመጣ የሚደሰት፥ ቢቀር የሚያስብ አይገኝለትም። በጉራጌ ምድር በሶዶ ወረዳ፥ ከጤና ጣቢያው ሕክምና ጋር የአካባቢው ሠራተኞች የስኪዞፍሬኒያ ሕሙማንን በየቤታቸው እየጐበኙ 12 ወር ያህል ሲረዷቸው፥ የዕለት ኑሮአቸውን የመምራት ችሎታቸው እንደ ተሻሻለ በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው የጥናት ውጤት አስረድቷል። የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም።

አሠራሩም ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በሳምንት ሦስት ማለዳ፥ አንድ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር፥ አንድ የጤና ባለሙያ፥ አብረው የሚሮጡ ጥቂት ጤነኛ ወጣቶችም ይበቃሉ። አሰላ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ስለ ሆነች፥ ልባቸው አስቀድሞ ይመርመር፤ ጅማሬውም በእርምጃ ይሁን፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና። አንደኛና ሁለተኛ አይባል፤ የሚመዘገበው የመጣውና የቀረው ብቻ ይሁን።

ሹሙ ቦታውን ቢፈቅድ፥ መምህሩ ማለዳውን ቢሰጥ፥ ተማሪውም ከታመመው ጓደኛው ጐን ቢራመድ፥ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው። ሜዳው የማን ነው ተብለን ብንጠየቅም፥ የመጣው ሁሉ ነው እንላለን፤ ወደ ቀረው ሰው መላክ ግን የእኛ ፈንታ ነው።