ባለጸጋ ማን ነው? የገቢ ቁጥርና የኅሊና ሚዛን



አንድ የቁምስናችን ምእመን ከቅዳሴ በኋላ ቀርቦ በወንድሙ ላይ ያለውን ቅሬታ ነገረኝ። ወንድሙ የሚኖረው በአሜሪካ፣ በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ነው። «አባ፣ የእርሱ የዓመት ደመወዝ በብር ሲሰላ ለጆሮ ይከብዳል፤ ለእናታችን መታከሚያ ሲጠየቅ ግን ‹እኔም እዚህ ድኻ ነኝ› ይላል። እንዲህ ያለው ሐሰት ኃጢአት አይደለምን?» አለኝ። እኔም ሳላመዛዝን «ስስት ነው» ብዬ መለስሁለት። ነገሩን ቈይቼ ስመረምረው ግን ፍርዴ የችኰላ እንደ ነበረ ተረዳሁ።

ለመሆኑ በአሜሪካ «ባለጸጋ» የሚያሰኘው ገቢ ስንት ነው? ለሀገሪቱ ሁሉ የሚሆን አንድ ቁጥር የለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካ መንግሥት የቤቶችና የከተማ ልማት መሥሪያ ቤት በሳን ፍራንሲስኮ፣ በሳን ማቴዎና በማሪን አውራጃዎች በዓመት እስከ 117,400 ዶላር የሚያገኘውን ባለ አራት ነፍስ ቤተሰብ «ዝቅተኛ ገቢ ያለው» ብሎ መደበው። በዲትሮይት ከተማ ግን የመካከለኛው ቤተሰብ የዓመት ገቢ እ.ኤ.አ. በ2022 ከ40,000 ዶላር በታች ነበር። በአንዱ ከተማ ዝቅተኛ የተባለው ገቢ፣ በሌላው የመካከለኛውን ቤተሰብ ገቢ ሦስት እጥፍ ያህል ይሆናል ማለት ነው።

የዚህ ልዩነት ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሳን ፍራንሲስኮ በሦስት ወገን በውኃ የተከበበች ናት፤ የቤት ሥራ ደንቧ ጥብቅ ነው፤ በአካባቢዋ ያሉት የቴክኖሎጂ ኩባንያዎችም ለባለሙያዎቻቸው ከፍተኛ ደመወዝ ይከፍላሉ። ጥቂቱን ቤት ብዙ ገንዘብ ሲሻማበት ኪራይ ይንራል። ግብሩም ቢሆን አንድ ዓይነት አይደለም። የኒው ዮርክ ከተማ ነዋሪ ከገቢው ለፌዴራሉ መንግሥት፣ ለክፍለ ግዛቱና ለከተማው ይከፍላል፤ በቴክሳስ የሚገኘው የሂውስተን ነዋሪ ግን ለክፍለ ግዛቱም ሆነ ለከተማው የገቢ ግብር የለበትም። በአንጻሩ የፌዴራሉ መንግሥት የድኽነት ልክ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ለአራት ሰዎች ቤተሰብ 31,200 ዶላር የነበረው፣ ከአላስካና ከሃዋይ በቀር በሁሉም ክፍለ ግዛት አንድ ነው። ይህ ልክ መሠረቱ በ1960ዎቹ ዓመታት ከምግብ ወጪ ተነሥቶ የተሠራ ስሌት ስለ ሆነ የከተሞችን የኪራይ ልዩነት አያይም።

ከዚህ የምንማረው የመጀመሪያው ነገር በወንድማችን ላይ ስንፈርድ ልንጠብቀው የሚገባን ፍትሕ ነው። ዶላርን ወደ ብር መመንዘር ገንዘቡን ይለካል እንጂ ሸክሙን አይለካም። ስለዚህ ያ ሰው «ድኻ ነኝ» ማለቱ ሐሰት ነው ብለን ለመቍረጥ አንችልም።

ይሁን እንጂ በዚሁ እውነት ውስጥ አንድ ፈተና ተሰውሯል። በውድ ከተማ የሚኖር ሰው ራሱን የሚለካው ዘወትር ከበላዩ ካለው ጋር ነው። ሁለት መቶ ሺህ የሚያገኘው፣ ጎረቤቱ ሚሊዮን ሲያገኝ አይቶ «እኔ መካከለኛ ነኝ» ይላል፤ ባለ ሚሊዮኑም ከእርሱ የሚበልጥ አያጣም። በዚህ አቈጣጠር በከተማዪቱ አንድም ባለጸጋ አይገኝም፤ ጌታችን ስለ ባለጸጎች የተናገረውም ቃል የሚመለከተው ሰው ያጣል። ነገር ግን የዚያን ሰው ቢሮ ሌሊት የምታጸዳው ሴትም ኪራይ የምትከፍለው በዚያው ከተማ ነው። የኑሮ ውድነት እርሱን ካስጨነቀው፣ የእርሱን ገቢ ሲሶ የምታገኘውን ምን ያህል ያስጨንቃት? እንግዲህ ውድነቱ ከመስጠት ነጻ የሚያወጣ ምክንያት ሳይሆን፣ የባልንጀራን ችግር የሚያስረዳ ምስክር ነው።

ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ «አስፈላጊ» የሚባለውን ነገር በሁለት ከፍሎ አስተምሯል። አንደኛው ያለ እርሱ በሕይወት መኖር የማይቻልበት ነው፤ ሁለተኛው ሰው እንደ ኑሮ ደረጃውና እንደ ኃላፊነቱ ለመኖር የሚያስፈልገው ነው። የሁለተኛው ወሰን በአንድ ነጥብ ላይ የተተከለ እንዳልሆነ፣ ሲጨመርበትም ሲቀነስለትም ከልኩ ላይወጣ እንደሚችል ሊቁ ያስረዳል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 ባወጡት ሐዋርያዊ መልእክት ይህንኑ ትምህርት ተከትለው፣ ለኑሮ ከሚገባው የተረፈውን ለችግረኛ መስጠት ግዴታ መሆኑን ገለጹ። ዳግማዊ የቫቲካን ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1965 ድኾችን መርዳት ከትርፍ ብቻ መሆን እንደሌለበት አሳሰበ። ቤተ ክርስቲያን የገቢ ቁጥር አልወሰነችልንም፤ ወሰኑን በኅሊናችን ፊት በቅንነት እንድንፈልገው ግን ታስገድደናለች።

ጌታችንም በቤተ መቅደስ መባ የሚያገቡትን ሲመለከት የመዘነው የሰጡትን ብቻ ሳይሆን የቀራቸውን ጭምር ነው። ድኻዪቱ መበለት በሁለት ሳንቲሞቿ ከሁሉ የበለጠችው በእጅዋ ምንም ስላልቀረ ነበር።

ስለዚህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ስለ ሀብት ስታስተምሩ «ባለጸጋ መሆን ኃጢአት ነውን?» በሚለው ብቻ አትወሰኑ። ይልቁንም እያንዳንዱ ራሱን እንዲጠይቅ እርዱት፦ በምኖርበት ስፍራ ለቤተሰቤ በእርግጥ የሚያስፈልገው ምንድን ነው? ትናንት ቅንጦት ያልሁትን ዛሬ «አስፈላጊ» ብዬ አልጠራሁትምን? የእኔን ሸክም ከእኔ ባነሰ ገቢ የሚሸከመው ጎረቤቴ ማን ነው?

ያንን ምእመን ኋላ አስጠርቼ ስለ ችኰላዬ ይቅርታ ጠየቅሁት። ወንድሙን «ስንት ታገኛለህ?» ከማለት «እንዴት ትኖራለህ?» ብሎ እንዲጠይቀውም መከርሁት። ጠየቀውም፤ የደመወዙ እኩሌታ ያህል ለቤት ኪራይ እንደሚሄድ ሰማ። ወንድምዬውም እንዲህ በፍቅር ሲጠየቅ፣ ከቀረው እኩሌታ ለእናቱ በየወሩ ጥቂት ለመቍረጥ ቃል ገባ። ከዚያም ምእመኑን አንድ ነገር ጠየቅሁት፤ «ጣሪያው የሚያፈስሰው ጎረቤትህ የአንተን የሱቅ ገቢ ሲያሰላ ምን ይልህ ይሆን?» አልሁት። ዝም አለ። እኔም ዝም አልሁ፤ ጥያቄው ለእኔም ነበርና።

ቸሩ አምላካችን የሚበቃንን የምናውቅበትን ልቡና፣ የተረፈውንም የምናካፍልበትን እጅ ይስጠን። አሜን።