ያጣ ሰውና የጾመ ሰው

በዋግ ኽምራ ደጋ እረኞች መሬቱን ፈልፍለው ገበጣ ይጫወታሉ። ጠጠሩ ተበልቶ ሲያልቅ ጨዋታው ያልቃል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅም ፍየሎቹ ወደ በረት መግባት አለባቸውና እረኛው ይነሣል።

ዛሬ ግን ሌላ ዓይነት ጨዋታ መጥቷል። ጨዋታውን የሚሠራው ኮምፒዩተር በሩቅ አገር ይቀመጣል፤ በፈጣን የኢንተርኔት መስመር ሥዕሉ ብቻ ወደ ተጫዋቹ ይፈሳል፤ የጣቱም ትእዛዝ በዚያው መስመር ይመለሳል። በፈለጉት ሰዓት ይገኛል። ጉግል የተባለው ኩባንያ እንዲህ ያለውን ጨዋታ ስታዲያ ብሎ በኅዳር 2012 ዓ.ም. ጀመረ፤ በጥር 2015 ዓ.ም. ዘጋው። ለጨዋታዎቹ የተከፈለውን ገንዘብ መለሰ። (ሰዓቱን ግን ማን ይመልሳል?)

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የስልክ ኢንተርኔት ሲቋረጥ፥ «ልጆቻችን ከጨዋታ ዐረፉ» ያሉ ወላጆች ነበሩ። እኔ ግን አልተደሰትሁም። ስለ ምን ቢሉ፥ ያጣ ሰው ጾመ አይባልም። ጾም ማለት እንጀራው በሌማቱ ሳለ ሰዓቱ እስኪደርስ እጅን መሰብሰብ ነው። በ1977 ዓ.ም. የዋግ ሌማት ባዶ በሆነ ጊዜ ልጅ ነበርሁ፤ ያ ጾም አልነበረም።

ጨዋታ ድካምን ያሳርፋልና በራሱ ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን ፈጣኑ መስመር በሰቆጣ ሲስፋፋ፥ ጠጠሩ የማያልቅ ጨዋታ በልጁ መዳፍ ላይ ሲቀመጥ፥ «ይበቃኛል» ማለትን ከማን ይማራል? እኛ አባቶች ስልኩን መንጠቅ እናውቃለን፤ መንጠቅም ያው መቋረጥ ነው። እኔ በቤቴ ልጁ የሚያቆምበትን ሰዓት አስቀድሞ በራሱ አፍ እንዲናገር አድርጌአለሁ። አንዳንድ ቀን ይጠብቀዋል፤ አንዳንድ ቀን ያፈርሰዋል።