«አሸነፍን» እና «ተሸነፉ»

አማርኛችን ጉደኛ ነው። በአንዲት ፊደል ሰውን ከጉዳዩ ያስገባዋል፤ በአንዲት ድምፅ ደግሞ ብድግ አድርጎ ያስወጣዋል። ዋልያዎቹ በሚጫወቱበት ማታ ቴሌቪዥን ካለበት ክፍል ገብቶ ከኳሱ ይልቅ የተማሪውን ወሬ ያዳመጠ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳል። ሲያገቡ «አገባን!»፤ ሲገባባቸው «ገባባቸው»። ሲያሸንፉ «አሸነፍን»፤ ሲሸነፉ «ተሸነፉ»። ዘጠናው ደቂቃ ሳያልቅ አንዱ ደጋፊ ሦስት አራት ጊዜ ከቡድኑ ይወጣል፣ ይገባል። ለተቀያሪ ተጫዋች እንኳ እንዲህ አይፈቀድለትም።

ነገሩ ያስቃል፤ እኛም ስቀንበታል። ቆየት ብለን ስናስበው ግን ከሰዋስው ያለፈ ጥያቄ አለበት። ሌላው ሰው በላቡ ያመጣውን ድል «የእኛ» ለማለት መብቱን ከየት አገኘነው? መብቱ ካለንስ ዕዳው ምንድን ነው?

የመጀመሪያው ተቃውሞ የታወቀ ነው። «አንተ አልሮጥክ፣ አልተጠለፍክ፣ ጉልበትህ አልተጎዳ፤ ታዲያ ምን አገባህና ነው አገባን የምትለው?» ይላል አንዱ ጓደኛችን። ሌላው ደግሞ «ኧረ ተዉን! ደስታ ፈቃድ አይጠየቅበትም» ብሎ ይነሳል። ሁለቱም የተሳሳቱ ይመስለናል። መልሱን ከመጽሐፍ በፊት ከሐይቁ ዳር እንፈልገው። ከዘጌ በኩል በደንገል ጣንኳ የመጣ መንገደኛ፣ መቅዘፊያ በእጁ ሳይነካ፣ ዳር ሲደርስ «ተሻገርን» ይላል። ቀዛፊው «አንተ መች ቀዘፍክና!» ብሎ አይቆጣውም። ለምን? መንገደኛው ድካሙን ስለተጋራ አይደለም፤ አደጋውን ስለተጋራ ነው። ደንገሉ ውሃ ጠጥቶ ቢከብድ፣ የከሰዓቱ ነፋስ ሞገዱን ቢያስነሳው፣ አብሮ ነው የሚሰጥመው። እየሰጠመም «ሰጠሙ» ሊል አይችልም። እንግዲህ «እኛ» የማለት መብት የሚገዛው በዚህ ነው እንላለን፤ መጥፎው ቀን ሲመጣ ከጣንኳው ባለመዝለል።

በዚህ መለኪያ ዋልያዎቹ እስከ ካሜሩን የሄዱበትን መንገድ እንየው፤ መንገዱ ከተማችንን አቋርጦ አልፏልና። ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. በባሕር ዳር ስታዲየም አይቮሪ ኮስት ቀድሞ አገባ። ሱራፌል ዳኛቸው አቻ አደረገን፣ ሽመልስ በቀለ ሁለተኛውን ጨመረ፤ 2 ለ 1። እነዚያን የአውሮፓ ክለብ ኮከቦች አሸነፍን ተባለ። ይህ ቀላሉ «እኛ» ነው፤ ማንንም ምንም አላስከፈለም።

ከባዱ መጋቢት 15 ቀን 2013 ዓ.ም. መጣ። በዚሁ ስታዲየም ማዳጋስካርን 4 ለ 0 ረታን። ያን ጊዜ አገሪቱ ጦርነት ላይ ነበረች፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ወደዚህች ከተማ ሮኬት ተተኩሷል። በዚያ ቀን ካገቡት አንዱ አማኑኤል ገብረሚካኤል ነበር። ይህ አጥቂ በ2011 ዓ.ም. ከመቐለ 70 እንደርታ ጋር የሊጉን ዋንጫ ያነሣ፣ በዚያው ዓመትም ከሁሉ በላይ ጎል ያገባ ነው። ባሕር ዳር ላይ ባገባበት ወቅት ግን የቀድሞ ክለቡ በጦርነቱ ምክንያት ከሊጉ ውጭ ነበር። ያኔ ብዙዎቻችን ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን፤ እንደ ሌላው ሁሉ «አገባን» አልን።

የዚያች «ን» ትርጉም ምንድን ነበር? ግብዝነት ነው የሚሉ አሉ፦ በማለዳ ዜና «እነሱ» ያለ አፍ ማታ በኳስ «እኛ» ሲል ሐሰተኛ ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ኳስ አንድ አደረገን ብለው ይረካሉ። እኛ ሁለቱንም አንቀበልም። ጎል አንድ አያደርግም፤ ኳሱ ከመረቡ ወጥቶ መሐል ሜዳ ሲቀመጥ ጦርነቱ እዚያው ነበር። ሐሰት ነበር ማለትም አይቻልም፤ ያ ጩኸት ከልብ የወጣ ነው። ይልቅ ሳናውቀው ቃል ሰጠን። እግሩ ሲመታ የእኛ የሆነ ሰው፣ እናቱ ቤት የምትውለውን ውሎም የእኛ ጉዳይ ያደርገዋል። ቃሉን ጠበቅነው ወይ? ይህን እያንዳንዳችን ለብቻችን እንመልሰው፤ በ«እኛ» ጀርባ ለመደበቅ የማይመች ጥያቄ ነው።

ከስድስት ቀን በኋላ፣ መጋቢት 21፣ አቢጃን ላይ 3 ለ 1 እየተመራን ሳለ ወደ 80ኛው ደቂቃ ገደማ ዳኛው በሕመም ወድቀው ጨዋታው በዚያው ቆመ። በሌላው ሜዳ ማዳጋስካርና ኒጀር ያለ ጎል ተለያዩ፤ ስለዚህ «አለፍን»። አስቡት፤ የተሸነፍንበት ቀን ነው፣ ያሳለፈን የኒጀር ተከላካይ ነው። «አሳለፉን» ሲል ግን አንድም ሰው አልሰማንም።

ካሜሩን ላይ ግሱ ተገለበጠ። ጥር 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ከኬፕ ቨርዴ ጋር ገና በ12ኛው ደቂቃ ያሬድ ባየህ በቀይ ካርድ ወጣ፤ 1 ለ 0 ተሸነፉ። ተሸነፉ እንኳ አልተባለም፤ «ያሬድ አስበላን» ነው የተባለው። እዚህ ላይ ልብ ይሏል፦ ሽንፈት ሲመጣ «እኛ» ወደ «እነሱ»፣ «እነሱ» ደግሞ ወደ አንድ ሰው ይጠባል። ከአራት ቀን በኋላ በአስተናጋጇ ካሜሩን ላይ ዳዋ ሆቴሳ በ4ኛው ደቂቃ ሲያገባ ሁላችንም ተመልሰን ገባን፤ 4 ለ 1 ሲያልቅ ደግሞ ተመልሰን ወጣን። ከቡርኪና ፋሶ ጋር ጌታነህ ከበደ በፍጹም ቅጣት ምት ያመጣት አንዲት ነጥብ ባለቤት አጥታ ቀረች፤ ደስታም ሐዘንም የማትሆን ነጥብ ነበረችና።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ክርክር ይነሳል። «ሽንፈቱንስ እንካፈል፤ ጥፋቱንም እንካፈል ነው የምትሉት?» ለዚህ የ2005 ዓ.ም. ነገር ይጠቅመናል። ያ ዓመት ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለስንበት ነው። (ከዛምቢያ ጋር በጎደሎ ተጫዋች 1 ለ 1 የወጣነው ጥር 13 ቀን ነበር፤ በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 ረትተን ዋንጫውን የወሰድንበትም ቀን ጥር 13 ነው። የቀን መቁጠሪያ አንዳንዴ ይቀልዳል።) በዚያው ዓመት ሰኔ 9፣ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸነፍንና አዲስ አበባ በጭፈራ ተናወጠች። ጭፈራው ሳያበቃ መርዶው መጣ። ሁለት ቢጫ ካርድ ያለበት ምንያህል ተሾመ፣ ማረፍ ሲገባው ከቦትስዋና ጋር ተሰልፏል፤ ሦስት ነጥብ ተቀነሰ። ወዲያው «ፌዴሬሽኑ አጠፋ» አልን።

ትክክል ነበርን። ካርድ የመቁጠር ግዴታ የነበረበት ሰው አለ፤ ጥፋቱን ለሕዝብ ሁሉ እናካፍል ማለት ለዚያ ሰው መደበቂያ መሥራት ነው። ግን ጥፋትና ሐፍረት ይለያያሉ። ወንድሙ የሰረቀ ሰው ሌባ አይደለም፤ ገበያ ሲወጣ ግን አንገቱን ይደፋል። «አላውቀውም» ካለ ከሐፍረቱ ይድናል፤ ወንድምነቱም እዚያው ያበቃል። በማግስቱ ወንድሙ ሲሾም «ወንድሜ» ብሎ ቢመጣ ማን ያምነዋል? እንግዲህ የ«እኛ» ዕዳ ይህቺ ናት፤ የጥፋተኛውን ቅጣት መሸከም ሳይሆን አንገት መድፋት። ፌዴሬሽኑን አጥብቆ የመጠየቅ መብትም ከዚሁ ይመነጫል፤ ያላፈረ ሰው የሚጠይቀው ለስድብ ነው።

ዕዳው ሳይከፈል የቀረባቸውም አሉ። በ1954ቱ ቡድን አምበል የነበሩት ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ አባታቸው ጣሊያናዊ እናታቸው ኤርትራዊት፣ ወንድማቸው ኢታሎም በፍጻሜው ያገባ ነበር። ከስድሳ ዓመት በላይ «ዋንጫ ወስደናል» ስንል ኖረናል፤ አብዛኞቻችን ሳንወለድ የተወሰደውን። ሉቺያኖ ግን ከአብዮቱ በኋላ አገር ጥለው ወጥተው ጣሊያን ኖረው እዚያው አረፉ። ዋንጫውን በ«እኛ» አስቀርተን ሰውየውን በ«እነሱ» ሸኘናቸው።

ወደ ሐይቃችን ዳር እንመለስ። መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ እዚህ መጥታ 3 ለ 1 አሸነፈች። ከዚያ በኋላ ካፍ ስታዲየሙ መመዘኛውን አያሟላም አለ። ኅዳር 2 ቀን ጋናን «በሜዳችን» ያስተናገድነው ጆሃንስበርግ ላይ ነው። ሰኔ 2 ቀን ደግሞ ግብፅን 2 ለ 0 «በሜዳችን» ረታን፤ ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አገቡ፣ ሜዳው ግን ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ውስጥ ነበር። ባሕር ዳር ላይ «አሸነፍን» ተባለ፤ በእርግጥም የሚያስፈነጥዝ ድል ነው። ስለ ስታዲየሙ ግን ስንጠያየቅ የሰማነው ሁሉ «አላለቀም» የሚል ነበር። «አልጨረስነውም» ያለ ሰው አልገጠመንም።