እውነተኛ ሥዕል ሊዋሽ ይችላልን?

ዘጋቢ ፊልም በዘመናችን ከከተማ አልፎ ወደ ገጠሩም ገብቷል። የታላላቅ ሰዎችን ሕይወት፣ የጦርነትንና የረሃብን ታሪክ፣ ሰውን ከሰው የሚያከራክሩ ጉዳዮችን ሁሉ በዓይናችን ፊት ያመጣል። ብዙዎቻችን ከተጻፈው ይልቅ በፊልም የታየውን እናምናለን፤ «በዓይኔ አይቻለሁ» የሚለውን ሰው ማን ይሞግተዋል? ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ ልናነሣ እንወዳለን። እያንዳንዱ ሥዕል እውነተኛ ሆኖ ሳለ ፊልሙ በሙሉ ሊዋሽ ይችላልን? ይህ ጥያቄ ለእኛ ለወሎ ሰዎች እንግዳ አይደለም።

ከደሴ ተነሥቶ በሐይቅና በውጫሌ አልፎ ወደ ወልድያ የሚወስደው ዋና መንገድ በ1965 ዓ.ም. የመከራ መንገድ ነበር። ዝናም የጠፋባቸው ገበሬዎች ከብታቸውን ከጨረሱ በኋላ ቤታቸውን ጥለው፣ ምግብ ፍለጋ ወደዚህ መንገድ ይወጡ ነበር። በዚያው ዓመት የዩኒቨርሲቲ መምህራን ከወሎ ያመጡትን ፎቶግራፍ ቢያሳዩም፣ ባለ ሥልጣኖች ነገሩን መሸፈን መረጡ። በመጨረሻም እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ «ያልታወቀው ረሃብ» በሚል ርእስ ያዘጋጀው ፊልም ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። ያየው ሕዝብ ደነገጠ፤ ገንዘብ አዋጣ፤ ርዳታም መጣ። የተሸፈነውን ገልጦ ነፍስ ያዳነ ፊልም የምሕረት ሥራ ሠርቷል ብንል አንሳሳትም።

ዓመት ሳይሞላው ግን ያው ፊልም ሌላ ሥራ ተሰጠው። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ የቤተ መንግሥት ግብርና ንጉሠ ነገሥቱ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ የሚያሳዩ ሥዕሎች በረሃብተኞቹ ሥዕሎች መካከል ተቀጥለውበት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ከሁለት ወር በኋላ፣ ኅዳር 14 ቀን፣ ወደ ስድሳ የሚጠጉ ሰዎች ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ ተገደሉ።

እንግዲህ ሐሰቱ የት ነበር? ረሃቡ እውነት ነው፤ ግብሩም እውነት ነው፤ ረሃቡን መሸፈንም ከባድ በደል ነበር። ሐሰቱ የገባው በሁለቱ ሥዕሎች መገጣጠሚያ ነው። በተለያየ ጊዜና ቦታ የተነሡት ሥዕሎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ ተመልካቹ ያላየውን ሦስተኛ ነገር አየሁ ይላል። ምስክር ሳይሰማ፣ ተከሳሹም ሳይመልስ፣ በልቡ ይፈርዳል።

«በደሉ እውነት ከሆነ አቀራረቡ ምን አገባን?» የሚል ይኖራል። መልሱን ከአሥር ዓመት በኋላ የሆነው ይሰጠናል። በዚያ ፊልም ንጉሡን የከሰሰው መንግሥት መስከረም 1977 ዓ.ም. አሥረኛ ዓመቱን በታላቅ ወጪ ሲያከብር፣ ያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር በነበረችው በኮረም ሕዝብ በረሃብ ያልቅ ነበር። ዓለም ጉዳቱን በሚገባ ያየው መሐመድ አሚን ያነሣውና ማይክል በርክ የዘገበው ፊልም ጥቅምት 13 ቀን በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲታይ ነው። የተራበውን ባላጋራውን ለመክሰሻ ብቻ የፈለገ ሰው፣ ክሱ ሲያበቃ የተራበውን ይረሳዋል።

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1956 ዓ.ም. ስለ መገናኛ ብዙኃን ባወጣው ድንጋጌ፣ ዜና ሁልጊዜ እውነተኛ፣ ፍትሕና ፍቅር በሚፈቅዱት መጠንም የተሟላ እንዲሆን፣ የሰውም ክብር እንዲጠበቅ ያስተምራል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም (ቍ. 2477) የሌላውን እውነተኛ ጥፋት እንኳ ያለ በቂ ምክንያት መግለጥን ኃጢአት ይለዋል። ይህ ማለት ግን በደል ይሸፈን ማለት አይደለም። በ1965 የወሎን ረሃብ ለመግለጥ ከበቂ በላይ ምክንያት ነበረ፤ ዝም ያሉት ናቸው የበደሉት።

ሌላም ዕዳ አለብን። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው ምእት ዓመት ያስተማሩት የአባ ኢየሱስ ሞዓ ሥዕል በወንጌላቸው መጽሐፍ ላይ ይገኛል፤ የሣለው እጅ ማንን እንደሚሥል ያውቅ ነበር። በዚያው ሐይቅ በሚያልፈው መንገድ የረገፉት ግን በፊልም ሲታዩ ብዙዎቹ ስም አልነበራቸውም፤ «ረሃብተኞች» ተብለው ብቻ ቀሩ። በ1977 ዓ.ም. የካናዳ ቴሌቪዥን በትግራይ ያነሣት ሕፃን ትሞታለች ተብላ ነበር። ሕፃኗ ብርሃን ወልዱ ግን ድና አደገች፤ በ1997 ዓ.ም. በለንደን በብዙ ሺህ ሕዝብ ፊት ቆመች። ሥዕሏ ዓለምን ሲዞር እርሷ ግን ሕይወቷን ትኖር ነበር። ሰው ከሥዕሉ ይበልጣል፤ በእግዚአብሔር አምሳል የተፈጠረ ነውና።

ስለዚህ እናንት ምእመናን፣ በተለይም ወጣቶችን የምታስተምሩ ካቴኪስቶች ሆይ፣ ፊልም አይታችሁ ስትነሡ ሦስት ነገር ጠይቁ። ይህን ማን፣ ለምን ዓላማ አዘጋጀው? የተከሰሰው ሰው ቃሉን ሰጥቷልን? ከሁሉም በላይ፣ ካየነው በኋላ ምን እናደርጋለን? ጌታችን ስለ ደጉ ሳምራዊ በተናገረው ምሳሌ (ሉቃ. 10፥30-37) ካህኑም ሌዋዊውም የቆሰለውን አይተውታል፤ ከሳምራዊው የተለዩት ባለማየት ሳይሆን አይተው በማለፋቸው ነው። በምቹ ወንበር ተቀምጠን የሰውን መከራ እያየን አልቅሰን፣ በማግሥቱ በራችን ላይ የቆመውን የምናልፍ ከሆነ፣ በዚያ መንገድ ማዶ ለማዶ ከሄዱት በምን እንለያለን? ጌታ ዓይናችንን ለእውነት፣ እጃችንንም ለምሕረት ይክፈትልን።